ለልጁ ነው ወይስ ለእኛ?

ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ቅዳሜና እሁዱን የሚወስዱበት ነገሮች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ሠርግ ይመጣል፤ ዓመት ሳይሞላ የአራስ ጥየቃ፣ ከዚያ ክርስትና፣ አቂቃ፣ ልደት። እናቶቻችን አራስ ሲጠይቁ የሚይዙት የገንፎ እህል፣ አጥሚት፣ ቅቤ፣ ቢበዛ አንድ የሕፃን ብርድ ልብስ ነበር። የእኛ ትውልድ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፎ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር ይዘፍናል፣ ያበራል፣ ይሽከረከራል። ሁለት ወር ቆይተን ስንመለስ ደግሞ አልጋ ሥር ገብቶ እናገኘዋለን።

የሕፃን ዕቃ ቁም ነገር ተብሎ አስተያየት ይጻፍበታል ወይ የሚለን አይጠፋም። ይጻፍበታል እንላለን። በመጀመሪያ ደረጃ ገንዘብ ነው፤ ወጣት ባልና ሚስት ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚማረሩት በዚህ ወጪ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግን የልጅ ጤና፣ አንዳንዴም የልጅ ሕይወት ያለበት ጉዳይ መሆኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሕፃን ልጅ ከደንበኞች ሁሉ የተለየ ደንበኛ ነው። አይከፍልም፣ ዋጋ አይከራከርም፣ ዕቃው ቢያቆስለው እንኳ ሱቅ ተመልሶ «ለውጡልኝ» አይልም። ስለዚህ አብዛኛው አምራች የሚያባብለው ልጁን ሳይሆን መደርደሪያው ፊት ቆሞ ኪሱን የሚዳብሰውን አዋቂ ነው። ያ ሁሉ መብራትና ጩኸት ለእኛ ዓይን የተሠራ ነው። ጥቂት ሰዎች ግን ዕቃ ከመሥራታቸው በፊት ቁጭ ብለው ልጅ አይተዋል። የሁለቱን ልዩነት ማወቅ ለማንም ገዢ ይጠቅማል ብለን ስለምናምን፣ ወላጅ የሆኑ ጓደኞቻችን የሚወዷቸውንና እኛም ያደነቅናቸውን ጥቂት ዕቃዎች እስቲ እንያቸው።

እግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር

እ.ኤ.አ. በ1972 ፒተር ኦፕስቪክ የተባለ ኖርዌያዊ ዲዛይነር «ትሪፕ ትራፕ» የሚባል የእንጨት ወንበር ሠራ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ከፍ ያለው የሕፃን ወንበር የጠበበው የራሱ ልጅ በአዋቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ይንጠለጠላል፣ እጁ ገበታው ላይ አይደርስም። ኦፕስቪክ ሁለት ያዘነበሉ ቋሚ እንጨቶችን ወስዶ ከላይ እስከ ታች ቦዮች አወጣባቸው። መቀመጫውና እግር ማሳረፊያው በፈለጉት ቦይ ውስጥ ይገባሉ። ልጁ ሲያድግ አንድ ቦይ ዝቅ ማድረግ ነው። በሕፃንነቱ የተቀመጠበት ወንበር ትምህርት ቤት ገብቶም ያገለግለዋል። ወንበሩ ዛሬም ይመረታል።

እዚህ ላይ የሚደነቀው እንጨቱ አይደለም። ሰውየው የልጁን እግር ማየቱ ነው። እግሩ የሚያርፍበት ያጣ ልጅ ይቁነጠነጣል፤ እኛ «አርፈህ ብላ» ብለን እንቆጣዋለን። ጥፋቱ የወንበሩ ነበር።

መቼም ወደ ራሳችን ቤት መመለሳችን አይቀርም። መሶብና በርጩማ ይህን ችግር ድሮ ፈትተውት ነበር። በመሶብ ዙሪያ አባትም ልጅም ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ የሁለት ዓመት ልጅ እግሩ መሬት ነክቶ፣ እጁ እንጀራው ላይ ደርሶ ከሁሉ እኩል ይበላል። ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ሳሎናችን ሲገባ ገበታው ከፍ አለ፤ ልጁ ግን እታች ቀረ። አሁን ብዙዎቻችን ቤት ልጅ የሚበላው ሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥን ፊት፣ በማንኪያ እየተሳደደ ነው። ጠረጴዛውን ያመጣን ሰዎች ለልጁ የሚሆን ወንበር ማምጣቱን ረሳነው።

የሚያድግ ጡብ

ሁለተኛው ምርጫችን የዴንማርኩ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው «ዱፕሎ» የሚባለው መጫወቻ ነው። ሌጎ የሚጋጠመውን ትንሽ ጡብ በ1958 ቢያስመዘግብም፣ ጡቡ ለሕፃን እጅ ደቃቅ፣ ለሕፃን ጉሮሮ ደግሞ አደገኛ ነበር። መፍትሔው ጡቡን በርዝመት፣ በወርድና በቁመት እጥፍ ማድረግ ሆነ። ብልሃቱ ደግሞ ትልቁ ጡብ ከትንሹ ጋር መጋጠሙ ነው። ታናሽ የገነባው ቤት ላይ ታላቅ ጣራ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሲያድግ መጫወቻው አይጣልም፤ ታናሽና ታላቅም ሳይጣሉ አንድ ምንጣፍ ላይ ይጫወታሉ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ጥሩ መጫወቻ ሥራውን ለልጁ ይተውለታል። የሚዘፍን ውሻ ሲዘፍን ልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። ጡብ ግን ዝም ስለሚል መናገር ያለበት ልጁ ነው፤ አንዴ መኪና፣ አንዴ ላም፣ አንዴ የአያት ቤት ይሆንለታል። ቆርኪ ደርድረን፣ ካልሲ ጠቅልለን ኳስ ሠርተን፣ ከጭቃ በሬ አበጅተን ያደግን ሰዎች ይህን ለማወቅ ዴንማርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

ተጭኖ የሚዞር ክዳን

ሦስተኛው ምርጫችን መጫወቻ አይደለም፤ ስጦታም አይሆንም። ከዝርዝሩ ሁሉ ብዙ ሕይወት ያተረፈው ግን እሱ ነው። በካናዳ ዊንዘር ከተማ ሄንሪ ብሮ የተባለ የሕፃናት ሐኪም መድኃኒት እየዋጡ የሚመጡ ልጆችን ማከም ሰለቸው። ወላጆችን «መድኃኒቱን አርቁ» እያሉ መምከር አልበቃም፤ ልጅ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ቁም ሳጥን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሐኪሙ ባስነሣው ጥረት ተጭኖ ካልዞረ የማይከፈት ክዳን ተሠራ። መጫንና ማዞርን በአንድ ጊዜ ማቀናጀት ለአዋቂ ቀላል ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን እጅግ ይከብደዋል። በአካባቢው የልጆች መመረዝ በ91 በመቶ ቀነሰ። አሜሪካም በ1970 ለመድኃኒትና ለቤት ውስጥ ኬሚካሎች እንዲህ ያለ ማሸጊያ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

አሁን ወደ ወጥ ቤታችን እንግባ። በረኪናው ያለው የት ነው? ላምባውስ? በብዙ ቤት ያለው የውኃ ሃይላንድ ውስጥ ነው፤ ያውም ወለል ላይ፣ ከልጁ ጉልበት አጠገብ። ልጁ በዚሁ ዓይነት ሃይላንድ ውኃ ሲጠጣ ውሏል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ «ጠጣኝ» ነው የሚለው። ጠርሙሱ እንደዚያ እየተናገረ ልጁን ማስጠንቀቅ ዋጋ የለውም። በረኪና ቀድቶ የሚሸጥ ባለ ሱቅም ሆነ የሚያሽግ ፋብሪካ የማይመሳሰል ዕቃና የማይከፈት ክዳን ቢጠቀም፣ ለዚህ አገር ሕፃናት ከአንድ ኮንቴይነር አሻንጉሊት የበለጠ ውለታ ይውል ነበር። እስከዚያው ድረስ በረኪናን ከራስ በላይ መስቀል ነው።

ሄዶ የተመለሰው አንቀልባ

እነሆ አራተኛው፣ ከሁሉም የምናስበልጠው። አንቀልባን ማን ያሰበው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የባለቤትነት መብት የወሰደበትም የለም። ቆዳ ነው፤ ማሰሪያ አለው፤ ሲያምር ዛጎልና ጨሌ ይደረግበታል። የእናት ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል፤ ልጁ ሙቀቷንና ትንፋሿን እየሰማ ዓለምን ከትከሻዋ በላይ ያያል። ጭኖቹ ተከፍተው ወገቧን ያቅፋሉ። የዳሌ ሐኪሞች ሕፃን እግሮቹ ተከፍተውና ጭኑ ተደግፎ እንዲታዘል የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ለዳሌ መውለቅ እንደሚያጋልጥ ይታወቃል።

አሁን ታሪኩን ስሙ። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰላም ጓድ ወደ ቶጎ ሄዳ የምዕራብ አፍሪካ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሠሩ አየች። ልጆቹ ረጋ ያሉ መሆናቸው ገረማት። አገሯ ተመልሳ ስትወልድ ያንኑ ሞከረችው፤ ጨርቁ ሲንሸራተትባት ከእናቷ ጋር ሆነው ማንገቻ ያለው ሰፉ። እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ተመዘገበለት፤ «ስናግሊ» ተብሎም ተሸጠ። ሕፃን መያዣ ቦርሳ በምዕራቡ ዓለም እንዲስፋፋ ትልቅ ድርሻ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ቤቢ ኬሪየር» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥልን የዚያ ወገን ነው። አፍሪካዊት እናት ጀርባ ላይ የታየው ሐሳብ አሜሪካ ዞሮ፣ ቻይና ተሰፍቶ ተመልሶ ይሸጥልናል።

ሴትዮዋን አንወቅስም፤ ያየችውን አክብራ ሠርታበታለች። የሚወቀስ ካለ አንቀልባን «የገጠር ነው» ብለን ያፈርንበት እኛ ነን። በማድነቅ ብቻም አናቆምም። ቆዳው እንደ ልብ አይታጠብም፤ ማሰሪያውም ትከሻ ይቆርጣል። በዚያ ላይ የተሠራው ለእናት ነው፤ አባት አዝሎት ሲወጣ የሚያየው ሰው ሁሉ ይስቃል። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ወፍራም ጥጥ ቢሸምኑለት፣ አንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ሰፋ ያለ የትከሻ ማንገቻና የሚጠብቅ የሚላላ መቆለፊያ ቢያደርግለት፣ አባትም እናትም በየተራ ያዝሉታል። ዕቃ ዝም ብሎ ዕቃ አይደለም፤ ልጁን መያዝ የማን ሥራ እንደሆነ ይናገራል።

ከገበያው መደርደሪያ መውረድ ያለባቸው

ጥሩውን ካወደስን መጥፎውን በስሙ እንጥራው። መጀመሪያ «ዎከር»፤ ያ ልጅ መሃሉ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚነዳው ባለ ጎማ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 መሸጡን፣ ማስመጣቱን፣ ማስተዋወቁን፣ ያገለገለውን ማስተላለፉን ጭምር ከለከለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እንዲታገድ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዎከር ውስጥ ያለ ሕፃን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለ አዋቂ ብድግ ሳይል ደረጃው ላይ ይደርሳል። መራመድን ያፋጥናል የሚባለውም ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ወለል ላይ ከሰል ምድጃ አለ፣ ጀበና አለ፣ ረከቦት አለ። የቡና ሥርዓታችን በሙሉ በዳዴ ልጅ ቁመት ልክ ነው። እዚያ መሃል ጎማ ያለው ሕፃን መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። የእኛ ገበያ ግን ዎከርን እንደ ጥሩ የልደት ስጦታ ይሸጠዋል።

ሁለተኛው ዘንበል ያለ ማስተኛ ነው። ትልቅ ስም ዋስትና እንዳይመስለን ይህን እናንሣ። ፊሸር ፕራይስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሸጠውን «ሮክ ኤን ፕሌይ» የሚባል ማስተኛ በሚያዝያ 2019 ከገበያ ሰበሰበ፤ ቁጥሩ 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በወቅቱ ከ30 በላይ ሕፃናት ከዕቃው ጋር በተያያዘ መሞታቸው ተነግሯል። ሕፃን ዘንበል ባለ ነገር ላይ ሲተኛ ከባዱ ራሱ ወደ ደረቱ ሊወድቅና ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካ በ2022 እንዲህ ያሉ ማስተኛዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከለከለች። ወላጆች የወደዱት ልጁን ቶሎ ስለሚያስተኛ ነበር፤ ማለትም ለአዋቂው ስለተመቸ። ደህናው መኝታ ርካሹ ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ጠፍጣፋ ፍራሽ፣ ልጁ በጀርባው፣ ዙሪያው ትራስም አሻንጉሊትም ሳይኖር።

ሦስተኛው የሰዓት ባትሪ የሚባለው ክቡ ትንሽ ባትሪ ነው። የሚያበራ ጫማ፣ የሚዘፍን ካርድ፣ የሚጮህ አሻንጉሊት ውስጥ ሁሉ አለ። ልጅ ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ተውጧል ብለው ከጠረጠሩ እስኪወጣ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል መሮጥ ነው። ባትሪው ያለበት ክዳን በብሎን ካልታሰረ ዕቃውን አትግዙት።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው»

ይህን የሚሉን ወዳጆች እውነት አላቸው። ኖርዌያዊው ወንበር እዚህ ሲደርስ የብዙዎቻችንን የወር ደመወዝ ያስረሳል። እኛ ግን ግዙት አላልንም። ውድ የሆነው ወንበሩ ነው፤ ሐሳቡ ነፃ ነው። የሠፈራችን አናጢ ለልጁ እግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር መሥራት አያቅተውም፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው። ከአናጢ ቤት የተረፈ እንጨት በእኩል መጠን ቆርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ለልጅ የሚሆን ጡብ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፖፖን እንውሰድ። ሙዚቃ የሚጫወት፣ የዳክዬ አንገት ያለው፣ አራት ቦታ የሚገጣጠም ፖፖ ይሸጣል። በየመገጣጠሚያው የሚገባውን ቆሻሻ የሚያጥበው ግን ዳክዬው አይደለም። አንድ ወጥ ፕላስቲክ፣ ታቹ ሰፊ፣ ጀርባው ከፍ ያለ፣ በአንድ ጆግ ውኃ የሚጠራው ርካሹ ፖፖ ይበልጠዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋሪም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን የ«ስፒትፋየር» ተዋጊ አውሮፕላን እግር በመሥራት የተሳተፈ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ያንን የመታጠፍ ዕውቀት ወስዶ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን የልጅ ጋሪ ሠራ። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው የሚሆነው ይኸው ነው፤ እኛ ግን በስጦታ የምንሰጠው ትልቁንና ባለ ግርማውን፣ ደረጃ ላይ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ አንዳንድ እግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ በዚያ ለሚሄድ ጋሪ ጥሩ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ባለው ኮብልስቶን ላይ ግን አንቀልባን የሚረታ የለም።

ማን ይሥራልን?

በአማርኛ ለልጅ አስቦ መሥራት እንደሚቻል አይተናል። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት ቀጭኔዋ ጸሐይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴሌቪዥን ስትመጣ፣ በእጅ የምትንቀሳቀስ ቀላል አሻንጉሊት ነበረች። ገንዘብ አይደለም ያቆማት፤ የሠሯት ሰዎች የዚህ አገር ልጅ ምን እንደሚጠይቅ፣ በምን እንደሚስቅ ስላወቁ ነው። ይህንኑ ዓይን በወንበር፣ በኩባያ፣ በፖፖና በክዳን ላይ የሚያደርግ ዲዛይነር፣ አናጢና የፕላስቲክ ፋብሪካ እንፈልጋለን። ደረጃ አውጪና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶቻችንም ዎከርንና ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ ባለ ባትሪ አሻንጉሊትን እንደ ተራ ሸቀጥ ማየታቸውን ይተዉ። ሌላ አገር በልጆች ሕይወት የተከፈለበትን ትምህርት እኛ እንደገና መክፈል የለብንም።

ገዢዎችም ሥራ አለብን። በሚቀጥለው ልደት ከመክፈላችን በፊት ዕቃውን አንሥተን አምስት ነገር እንጠይቀው።

በልጁ ቁመት ተንበርክከን ስናየው ምን ይታያል?

ከውስጡ የሚወልቅ ነገር በሶፍት መሃል ባለው ካርቶን ውስጥ ያልፋል? ካለፈ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

በሳፋና በሳሙና ይታጠባል?

ስድስት ወር ቆይቶ ልጁ ሲያድግ ምን ያደርጋል?

ሥራውን የሚሠራው ማን ነው፤ ዕቃው ወይስ ልጁ?

አምስቱን ካላለፈ መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ገንዘቡን ለእናትየው ገንፎ እህል አድርጉት፤ ከሁለቱ የሚበጀውን ለመለየት ዲዛይነር መሆን አያስፈልግም።